የአንዲትን የታሪክ ምሁር ሕይወትና ሥራ እንዴት እንጽፋለን?

በቅድሚያ ከባለታሪኳ ልደት እስከ ዕረፍቷ ያለውን የጊዜ ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ መዝገብ፣ ከታተሙ ሥራዎቿና ከደብዳቤዎቿ ጋር ያመሳክሩ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የዲግሪ ጉዳይ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ድረስ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ በዚያው በገርተን ኮሌጅ ስለተማረችው የመካከለኛው ዘመን ታሪክ አጥኚ፣ ስለ አይሊን ፓወር (1889–1940)፣ ወይም ስለ መሰሎቿ ሲጽፉ፣ የዲግሪው አለመኖር እንደ ዕውቀት ማነስ እንዳይቆጠር የዘመኑን ደንብ በግልጽ ያስረዱ። ይህን መዝለል፣ በእኔ እምነት፣ በባለታሪኳ ላይ ሁለተኛ በደል መፈጸም ነው።

የስም ለውጥንም ይከታተሉ። ፓወር በ1937 ማይክል ፖስታንን ብታገባም በሙያዋ የምትታወቀው በቀድሞ ስሟ ነው፤ ከጋብቻ በኋላ ስማቸውን የቀየሩ ምሁራን ሥራዎች ግን በሁለት ስም ተበትነው ሊገኙ ይችላሉ።

ሹመቶችን መደርደር ብቻውን አይበቃም። ፓወር በ1931 በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆናለች፤ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው ግን ምን እንደጠየቀችና በምን ማስረጃ እንደመለሰች ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ የሴቶች ገዳማት ውስጥ የነበረውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ጳጳሳት ገዳማቱን ሲጎበኙ ካስመዘገቧቸው ሰነዶች አውጥታ አሳይታለች። ባልን፣ አባትንና መምህርን የሐሳቧ ምንጭ አድርገው የሚያቀርቡት ማስረጃ ሲኖርዎት ብቻ ይሁን።