በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ደን ራሱን እየተካ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከእርሻና ከግጦሽ ተርፎ የቆየው ደረቅ የተራራ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኝ ነው። ወይራው፣ ዝግባውና የሐበሻ ጥዱ ከሩቅ ጥቅጥቅ ብለው ስለሚታዩ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው መኖሩ የሚታወቀው ከሥራቸው ያለው ቡቃያ በየዝርያው ሲቆጠር ነው።

በመጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን ማስፈቀድ ይገባል፤ ዛፎቹን በስማቸው የሚያውቅ የአገር ሽማግሌ አብሮ ቢሄድም ብዙ ድካም ይቀንሳል። የሐበሻ ጥድንና የፈረንጅ ጥድን በአንድ ስም ያሰፈረ መዝገብ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ የማይታረም ጉድለት ይኖርበታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ እስከ ደኑ ዳርቻ የሚደርስ መስመር በተለያየ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ በየመስመሩም በእኩል ርቀት፣ ጎኑ 20 ሜትር የሆነ ካሬ በገመድ ይከለላል። በዚህ ካሬ ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያው ይለካና ለ3.14 ተካፍሎ ውፍረቱ ይገኛል፤ ተዳፋት ላይ ከፍታው የሚለካው ከዳገቱ በኩል ነው። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ዛፍ፣ ከዚያ የቀጠነውና ቁመቱ ከ1 ሜትር ያላነሰው እንደ ለጋ፣ ከ1 ሜትር ያነሰው ደግሞ እንደ ቡቃያ ይመዘገባል። ለጋውና ቡቃያው የሚቆጠሩት በአራቱ ማእዘንና በመካከል በሚለዩ፣ ጎናቸው 2 ሜትር በሆኑ አምስት ትንንሽ ካሬዎች ውስጥ ብቻ ነው። ወይራ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከዘር የበቀለውና ከጉቶ የወጣው በተለያየ ዓምድ ይጻፉ፤ ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ሲያነጻጽሩ ነው። የትልቁ ካሬ ስፋት 400 ካሬ ሜትር፣ የአምስቱ ትንንሾች ድምር ግን 20 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሄክታር ለመቀየር የዛፎቹ ቁጥር በ25፣ የቡቃያውና የለጋው ደግሞ በ500 መባዛት አለበት። ለምሳሌ በአንድ ካሬ 4 የወይራ ዛፍና 6 የወይራ ቡቃያ ቢገኝ፣ በሄክታር 100 ዛፍና 3,000 ቡቃያ ማለት ነው። ቡቃያው ከለጋው፣ ለጋውም ከዛፉ የሚበዛለት ዝርያ በደኅና ሁኔታ ላይ ነው፤ ዛፍ ኖሮት ቡቃያም ለጋም የሌለው ግን ተተኪ አጥቷል።

ቆጠራው የሚካሄድበት ወቅት ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። በመስከረም የሚቆጠረው ቡቃያ ክረምቱ ያበቀለውን ሁሉ ስለሚጨምርና ከዚያ ውስጥ ብዙው በበጋው ስለሚደርቅ፣ እነዚያው ካሬዎች በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ እንደገና ሊቆጠሩ ይገባል። የብዙዎቹ የዚህ ደን ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ አይቆይም፤ ስለዚህ የደኑ ተስፋ ያለው በጋውን ባለፈው ቡቃያ ላይ ነው።

የኮሶ፣ የጥድና የዝግባ ወንድና ሴት አበባ በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኝ፣ ቡቃያ ሲጠፋ ጾታቸውንም ማየት ይጠቅማል። የሴቴ ኮሶ አበባ ወደ ቀይ ስለሚያደላ በቀላሉ ይለያል።

የዝርያ ስብጥሩን በሻነን ቀመር ማስላት ይቻላል፤ የየዝርያው ድርሻ በራሱ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም እየተባዛ ይደመርና የድምሩ ምልክት ይቀየራል። ሆኖም ቀመሩ ባህር ዛፍን ከጥቁር እንጨት ስለማይለይ፣ አገር በቀሎቹን ለብቻ ማስላት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቡቃያው እየበቀለ ለጋ ሳይሆን የሚቀር ከሆነ፣ ችግኝ ከመግዛት በፊት ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ መከለል ይቅደም። ቁጥቋጦውንም «ለማጽዳት» ብሎ መመንጠር አይገባም፤ የወይራን ቡቃያ ከፀሐይና ከከብት አፍ የሚጋርደው እርሱ ነውና። ከተከለለም በኋላ ቡቃያው ለማይታይ ዝርያ፣ ዘሩን ከአካባቢው ዛፎች ለቅሞ ማፍላት ይቻላል፤ የጥቁር እንጨት ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ እንደተለቀመ መዘራት አለበት። የካሬዎቹ ማእዘኖች በድንጋይ ምልክት ይደረግባቸው፤ የቡቃያው ቆጠራ በየዓመቱ፣ የግንዱ ልኬት ግን በየ5 ዓመቱ ቢደገም ይበቃል።