የአቢሲኒያ ካትበርድን ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ፣ በጥዱና በኮሶው መሃል ብዙም ብርቅ አይደለችም። ሆኖም ብዙ ሰው በአጠገቧ አልፎ ሳያያት ይመለሳል።

ትልቁ ስህተት በዓይን መጀመር ነው። አብዛኛው አካሏ ግራጫ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባች አለቀ፣ ከጥላው አትለይም። በጆሮዎ ይጀምሩ። ድምጿ ጥርት ያለና ከሩቅ የሚሰማ ነው። አንዷ ስታዜም ሌላዋ ፍርርር እያለች ትቀበላታለች። ይህን ቅብብል ሲሰሙ ካሉበት ንቅንቅ አይበሉ። ወደ ድምፁ መሮጥ ማባረር ነው። ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚንቀሳቀሱ፣ አንዷ ብታመልጥዎ ሌላዋን ይጠብቁ።

ሁለተኛው፣ ግራጫ ነገር ባዩ ቁጥር «እሷ ናት» ማለት። እዚያው ደን ውስጥ የአቢሲኒያ ስሌቲ ፍላይካቸር አለች። ከላይ ቡናማ፣ ከሆዷ ግራጫ ናት፤ ዓይኗ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነፍሳት ሲያልፉ ትወረወራለች። ካትበርዷ ግን ቅጠል ለቅጠል ስትሹለከለክ ነው የምትገኘው። ቁርጡን የሚነግርዎት ሦስት ነገር ነው፦ ነጣ ያለ ግንባር፣ በዓይንና በምንቃር መካከል ጥቁር፣ ከጅራት ሥር ደማቅ ቀይ ቡናማ። ከታች ሽቅብ ለሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የጅራቷ ሥር ነው። ግንባሯን ማየት ትንሽ ዕድል ይጠይቃል።

ኢንተርኔት ላይ «ካትበርድ» ብለው ፈልገው ያገኙትን ፎቶም ዝም ብለው አይመኑ። የሰሜን አሜሪካዋ ግሬይ ካትበርድም ግራጫ ናት፤ ይባስ ብሎ የጅራቷ ሥርም ቀይ ቡናማ ነው! ግን አናቷ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል፣ ከእኛዋ ጋርም የቅርብ ዝምድና የላትም።

ድምጿን በስልክ እያጫወቱ መጥራትስ? ልትመጣ ትችላለች። የምትመጣው ግን ቦታዋን የሚቀማ ባላንጣ የገባ መስሏት ነው። ለአንድ ፎቶ ብሎ እንዲህ ማስጨነቅ ለእኔ ነውር ነው።

በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን አይዩ። የወደቀ ቅጠል እየገለበጠች የምትለቅም፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነች ወፍ ካዩ እሷ ግራውንድ ትረሽ ናት። ካትበርዷ ፍሬ ትወዳለች። ፍሬ የያዘ ጥድ ካገኙ ከሥሩ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጠዋት በጊዜ ቢሆን ይመረጣል።