ቴሌቪዥንን በእጅ ስልክ መመልከት፦ ጥቅል ቶሎ እንዳያልቅ ምን ማድረግ ይገባል?

መብራት ሲጠፋ፣ ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ልጆች ሲይዙት ወይም ከሥራ ዘግይተው ሲገቡ ያመለጠዎትን ዜና በእጅ ስልክዎ ማግኘት ይችላሉ፤ የኢቢሲም ሆነ የፋና የዜና እወጃዎች በዩቲዩብ ገጾቻቸው ላይ ይጫናሉና። ብዙ ሰው ፍላጎቱ እያለው የሚተወው ጥቅሉ ቶሎ ስለሚያልቅበት ነው። እንደ እኔ እምነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የጥቅሉ ማነስ ሳይሆን፣ ትንሹ ስክሪን ለማይፈልገው የምስል ጥራት መክፈላችን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የሚወስድ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 225 ሜጋባይት ያህል ይጨርሳል፤ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚወስደው ደግሞ በዚያው ሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል። ስለዚህ አንድ ጊጋባይት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ከአራት ሰዓት በላይ ሲመለከት፣ በሁለተኛው ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ጥራቱን ለመቀነስ ቪዲዮው እየታየ ሳለ ስክሪኑን አንዴ ይንኩ፤ ከላይ በቀኝ በኩል የማርሽ ጥርስ የሚመስለውን ምልክት ተጭነው የጥራት ምርጫውን ይክፈቱና 360ን ይምረጡ። ለዜና እወጃና ለቃለ መጠይቅ ይህ በቂ ነው፤ ወደ 144 ከወረዱ ግን የተናጋሪው ፊት ቢለይም ከግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ አይነበብም። በኳስ ጨዋታ ወደ 480 ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ካሜራው ከሩቅ ሲያሳይ ኳሷ ከሜዳው ቀለም ጋር ትደባለቃለችና። ይህ ምርጫ የሚሠራው ለዚያው ቪዲዮ ብቻ ስለሆነ፣ በዘላቂነት እንዲጸና በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ለሞባይል ኔትወርክ የተለየውን የቪዲዮ ጥራት ክፍል ከፍተው ዳታ ቆጣቢውን ይምረጡ። ለዋይፋይ የተለየ ምርጫ ስላለ፣ በዋይፋይ ሲሆኑ ከፍ ባለ ጥራት ከመመልከት የሚያግድዎት ነገር የለም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይጀምርም አውቶፕሌይን ያጥፉ፤ እያዩ የሚያንቀላፉ ሰዎች ጥቅላቸው የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ጥቅል ለመግዛት *999#፣ ቀሪዎን ለማየት *804# ይደውሉ። ከአንድ ፕሮግራም በፊትና በኋላ ቀሪውን ማነጻጸር፣ የእርስዎ ስልክ ምን ያህል እንደሚወስድ ከማንኛውም ግምት በተሻለ ያሳያል።

የቀጥታ ሥርጭትን በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው ከሳተላይት ተመልካቹ ወደ ኋላ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ጎረቤት ጎል ብሎ ሲጮህ በስልክዎ ላይ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ልትሆን ትችላለች። ይህ የኔትወርክዎ ብልሽት ስላልሆነ፣ መተግበሪያውን ዘግቶ መክፈት ሥርጭቱን አያስቀድመውም።

በመጨረሻም፣ ሁሉንም ቻናል በነጻ ያሳያል እየተባለ በቴሌግራም የሚላክ የመተግበሪያ ፋይል አይጫኑ። ቪዲዮ የሚያሳይ መተግበሪያ አጭር የጽሑፍ መልእክትዎን የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም፤ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥሮች የሚደርሱዎት በዚያው መንገድ ነውና። ቀደም ብለው ጭነውት ከሆነ አሁኑኑ ያጥፉት፤ የቴሌብር የምስጢር ቁጥርዎንም ይቀይሩ።