ወይን ቅምሻና እራት በቤታችሁ፦ ለባሕር ዳር ማታ

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ከመጣ አሳ ይጠበሳል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ቢራ ይቀርባል። ወይን ከቀረበም ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ጋር ተደባልቆ ነው። እኔ ግን ወይን ከኛ ገበታ ጋር በደንብ ይሄዳል ባይ ነኝ። ብቻ በወጣችን መመረጥ አለበት።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ግብዣዬ ነው። ጠንከር ያለ፣ ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር አቀረብኩ። አክስቴ አንዴ ጎንጨት አለችና "ውይ፣ አቃጠለኝ!" ብላ ብርጭቆውን ወዲያ ገፋችው። ወጡም ጥሩ ነበር፣ ወይኑም ጥሩ ነበር። ግን አልኮልና በርበሬ ሲገናኙ ማቃጠሉ ይብሳል። ቀይ ወይን ውስጥ ደግሞ ታኒን አለ፤ ጥሬ ሙዝ ወይም በጣም የጠቆረ ሻይ ምላስን እንደሚያደርቀው ያደርጋል። በርበሬ ሲጨመርበት ይጎመዝዛል። የበርበሬን ማቃጠል የሚያበርደው ለስለስ ያለ ጣፋጭነትና ቅዝቃዜ ነው።

ቀኑና ሰዉ

ረቡዕና አርብን ተዉት፤ የሚጾም ሰው አይጠፋም። ቅዳሜ ማታ ጥሩ ነው። ከ8 ሰው አትብለጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል። ለማይጠጣ እንግዳ ብርዝ አዘጋጁ፤ እሱም በወይን ብርጭቆ ይቅረብለት።

አራቱ ጠርሙሶች

ለ8 ሰው 4 ዓይነት ወይን፣ ከእያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለቅምሻ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከቡና ስኒ ያነሰ፣ ብትቀዱ 400 ይሄዳል። የቀረው 350 ለእራቱ ይተርፋል።

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከዝዋይ የሚመጣው የካስቴል ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ ነጩ። ከዚያው ቤት ሲራ ወይም ሜርሎ፣ ቀዩ። ሦስተኛው መካከለኛ ጣፋጭ የሆነው አካሺያ፣ ሮዜው (ሮዝ ቀለም ያለው) ወይም ቀዩ። መጨረሻ ላይ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካው አክሱሚት፣ ጣፋጩ። ቀዩ ከጠፋ በሌላው ቀይ ወይን በጉደር ተኩት፤ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ከነጭ ወደ ቀይ፣ ጣፋጭ ካልሆነው ወደ ጣፋጩ። ጣፋጩን ካስቀደማችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ኮምጣጣ ይመስላል።

ማቀዝቀዝ

ቀይ ወይን እንደ ቤቱ ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ለቀዝቃዛ አገር ቤት ነው። የኛ ሳሎን በመጋቢትና በሚያዝያ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። ቀዩንም ከመክፈታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይሁን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከአንድ ቀን በፊት ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። መብራት ከሄደ በረዶውን ሰባብራችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምሩት፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው አክሉበት፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት። በ20 ደቂቃ ገደማ ይቀዘቅዛል። በረዶ ብቻውን ይህን ያህል አይፈጥንም፤ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚነካው ውሃው ነው።

ሽታ

ይህን አደራ እላለሁ። እንግዳ ሲመጣ እጣን ማጨስ ወጋችን ነው፣ ቡና መቁላትም እንዲሁ። ለዚህ ማታ ግን ሁለቱንም ወደ መጨረሻ አዙሯቸው። ወይንን ከምላስ ይልቅ የሚያውቀው አፍንጫ ነው፣ እጣን በሞላበት ቤት አፍንጫ ሥራ ይፈታል። የቢንቢ መድኃኒትም ካስፈለገ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ተረጭቶ መስኮቱ ይከፈት። ነፋሱ ቤቱን ያጸዳዋል።

ቅምሻው

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉና ቁጥር ጻፉባቸው። ሰው ስሙንና ዋጋውን ካየ ምላሱን ትቶ ዋጋውን ያምናል። ብርጭቆውን እግሩ ጋ ያዙ፣ ከሲሶ በላይ አትሙሉ፣ ዞር ዞር አድርጋችሁ አሽትቱ፣ ከዚያ አንዴ ጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ ያዙት። መትፋት ለሚፈልግ ባዶ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፤ ነውር የለውም። በየመሃሉ ውሃና ቁራሽ ዳቦ።

"ምን ሸተተሽ?" ስትሏቸው ሰዎች ያፍራሉ። መጽሐፍ ላይ ያለ ቃል የሚጠበቅባቸው ይመስላቸዋል። እናንተ ቀድማችሁ ከጓዳ ቃል ስጡ፤ ሎሚ ነው፣ ኮክ ነው፣ ዘቢብ ነው? ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ ሲራውን አሽትታ "ቁንዶ በርበሬ" አለች። ወይን አዋቂዎችም ስለ ሲራ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እራቱ

በአሳ ጀምሩ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ስትገዙ ዓይኑ ያልደፈረሰውን፣ ጆሮው ስር ገለጥ ሲደረግ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ሁለቱንም ጎኑን በቢላ ተልትሉት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ውሃውን በጨርቅ አድርቁ፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል ጥበሱት። አዋዜውን ለብቻ አስቀምጡ። አሁን ሻርዶኔውን መጀመሪያ ባዶውን ቅመሱት። ከዚያ አሳው ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ጎረስ አድርጉ፣ ደግማችሁ ጠጡ። ቅድም ኮምጠጥ ያለው ወይን ለስልሶ ታገኙታላችሁ፤ ዘይቱንም ከአፍ ይጠርገዋል። የእንጀራም ኮምጣጣነት እንደዚሁ ነው የሚሠራው። ቀዩን ከአሳ ጋር አትስጡ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል።

ለሲራው ወይም ለሜርሎው ጥብስ ነው፤ ቅቤ ያለው፣ የጥብስ ቅጠል የገባበት፣ ቃሪያው የቀለለ። ስቡ ታኒኑን ይገራዋል። ዶሮ ወጡ የሚመጣው ከአካሺያው ጋር ነው፣ አካሺያው ቀዝቅዞ፣ አይቡም አጠገቡ። አክስቴ ሁለተኛ የጠየቀችው እዚህ ላይ ነው። አክሱሚቱን ከእራት በኋላ በትንሽ በትንሹ ቅዱ።

ከዚያ ከሰሉ ይቀጣጠል፣ እጣኑ ይጨስ፤ ከተገኘ የዘጌ ቡና ይቆላ። ሁሉም ሲያልቅ ለአንድ ሰው ግማሽ ጠርሙስ ደርሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ማንም መኪና እንዳይነዳ የምታውቁትን ባለባጃጅ በጊዜ ቅጠሩ። ወይን ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቀዩ ካለፈበት ለጥብስ መረቅ ይሆናል።