ጆሮዋ ለደከመ እናት በስልክ እንዴት ጥርት አድርጎ ማውራት ይቻላል

እናቴ ጆሮዋ ደከም ካለ ቆይቷል። ባለፈው የሽንኩርት ዋጋ ጠይቃኝ «ስልሳ ብር» አልኳት። «ሰላሳ?» አለች። ጮህኩ። አሁንም «ሰላሳ» አለች፣ ግን ድምጿ ቀዝቀዝ አለ፤ የተቆጣኋት መስሏታል። «ስድሳ እማዬ፣ ስድስት አስር» ስላት ወዲያው ገባት።

ስለዚህ መጀመሪያ ጩኸቱን ተዉት። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ብዙ ጊዜ ከቀጫጭን ድምፆች ይጀምራል፤ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ይጠፋሉ። ስንጮህ ደግሞ የሚጎላው «አ» እና «ኦ» ነው፣ እሱን ድሮም ትሰማዋለች። ስልኩም አያግዝም። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ አሳልፎ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሚቆርጥ «ሰ» እና «ፈ» ለጤነኛ ጆሮም ይምታታሉ።

ከጫጫታ ራቁ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ቤት ስትገቡ ደውሉ።

ቀጥሎ ረጋ በሉ፣ ቃሉን ግን አትቆራርጡት። ይሄ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። አማርኛ ጠበቅና ላላ አለው፤ «ገና ነው የምመጣው» ስትሉ «ና» ከላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ከጠበቀ ለበዓሉ ልትመጡ ነው፣ እና «ገ… ና…» ብላችሁ ከከፈላችሁት እናት የቱን ትያዝ? ፋታውን በሐረጎች መሃል አድርጉት፦ «ቅዳሜ… ከልጆቹ ጋር… እመጣለሁ»።

ወሬውን ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ምን እንደሆነ ንገሯት። «ስለ መድኃኒቱ ነው እማዬ» ካላችሁ የሚመጣውን ቃል ትጠብቀዋለች፣ ግማሹ ቢያመልጣት እንኳ ትሞላዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አዲስ ስም መጀመሪያ ስንጠራ ጥርት እናደርገዋለን፣ ሁለተኛ ላይ ግን «ታውቆ የለ» ብለን እንውጠዋለን። ለእሷ ሁለተኛውንም ጥርት አድርጉት።

ካልሰማች ያንኑ ቃል አትደጋግሙ፣ ቀይሩት። ስልሳን ስድሳ፣ «ከነገ ወዲያን» «ሐሙስ» በሉት።

በመጨረሻ «ሰማሽ?» አትበሏት። እንዳታስቸግራችሁ ብላ «አዎ» ትላለች። እኔ አሁን «እንግዲህ መድኃኒቱን መቼ ነው የምትወስጂው?» ነው የምላት። ትናንት ማታ «ከእራት በኋላ፣ አንድ ፍሬ» ብላ መለሰችልኝ።