የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ለምትመሩ፦ አቅማችሁን በቁጥር ሳታውቁ በር አትክፈቱ

የተጎዳ የዱር እንስሳ የሚያገግምበት ማዕከል የሚመራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ ስራ የገባው እንስሳ ማከም ስለሚወድ ነው፣ ከዛ ሳያስበው ደሞዝ ሲያዘጋጅ፣ ቦርድ ሲለማመጥ፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍት ሰው ሲፈልግ ይውላል፣ እንስሳቱን የሚያያቸው በመስኮት ብቻ ይሆናል። ያናድዳል ግን ስራው ይሄው ነው። ይሄን የምፅፈው ለአዲስ ዳይሬክተሮች፣ ለቦርድ አባላትና "እኔም አንድ ልክፈት" ብላችሁ ለምታስቡ ነው። የህክምናውን ዝርዝር ለሐኪሞች እተወዋለሁ፣ ግን ህክምናውን ጭራሽ ሳያውቁ መምራት ስለማይቻል አልፎ አልፎ እገባበታለሁ።

መጀመሪያ አቅማችሁን ፃፉት

"የቻልነውን ያህል እንቀበላለን" የሚባል ፖሊሲ የለም። ቁጭ ብላችሁ በየእንስሳው አይነት ፃፉ፣ ስንት የኳራንቲን ክፍል አለን፣ ለንስርና ለጭልፊት ክንፍ ማለማመጃ የሚሆን ስንት ሰፊ ቤት አለን፣ አንድ ሰው በአንድ ፈረቃ ስንት እንስሳ መመገብ ይችላል። የሚረሳው የመጨረሻው ነው። የትንንሽ ወፎች ጫጩት ከንጋት እስከ ምሽት በየ20 እና በየ30 ደቂቃው ይመገባል፣ ስለዚህ ጫጩት የሞላበት ክፍል ካላችሁ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ምንም ሳይነካ እዛ ይቆማል ማለት ነው። ባዶ ቤት ስላያችሁ ብቻ ቦታ አለን አትበሉ፣ መጋቢው ማነው በሉ።

ከዛ ቁጥሩ ሲሞላ ምን እንደምታደርጉ ወቅቱ ሳይመጣ ወስኑ። እንስሳቱ የሚወልዱበት ወቅት ሲገባ ስልኩ ፋታ አይሰጥም፣ በዛ ሰዓት ደግሞ ማንም በተረጋጋ ጭንቅላት ፖሊሲ አያወጣም። ከሌሎች ማዕከሎች ጋር አስቀድማችሁ በፅሁፍ ተስማሙ፣ እናንተ በአእዋፍ ጎበዝ ከሆናችሁ ወፎቹን ውሰዱ፣ አጥቢዎቹን ለነሱ ላኩ። ሁሉንም እኛው እንያዝ የሚሉ ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት የተጨናነቀ ቤት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዛመት በሽታና የደከመ ሰራተኛ ነው።

ፈቃድ ላይ ብዙ አልልም፣ በአብዛኛው አገር የዱር እንስሳ ለማከም ብሎም ቢሆን ያለ ፈቃድ ማቆየት ህገወጥ ነው። ከኮንትሮባንድ የተያዙ በቀቀኖችና ኤሊዎች የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ በ1973 የተፈረመውና በ1975 ስራ ላይ የዋለው (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዱር እንስሳትና እፅዋትን የድንበር ተሻጋሪ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አለ፣ እንስሳውን ወደ ትውልድ አገሩ ልትመልሱት ስትፈልጉ እንኳ ድንበር ለማሻገር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። እስከዛ ድረስ እናንተ ጋር ነው የሚበላው፣ በጀት ስትይዙ አስቡበት።

ስልክ የሚያነሳው ሰው

ስልኩ ላይ የምታስቀምጡትን ሰው ከምርጦቻችሁ መሃል ምረጡ፣ ትርፍ ሰው አታስቀምጡበት። "እናቱ የጣለችው" ተብሎ ከሚመጣው ግልገልና ጫጩት ብዙው ማንም አልጣለውም። የሚዳቋና የአጋዘን ግልገል ሳር ውስጥ ለሰዓታት ዝም ብሎ ይተኛል፣ እናቱ ለማጥባት ትመለሳለች። ብዙ የዱር ጥንቸሎች በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ነው የሚያጠቡት። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ የሚዘል ጫጩት መብረር እየተለማመደ ነው፣ ሰው ስለነካው ወላጆቹ አይተዉትም፣ ያ ወሬ ውሸት ነው። ስለዚህ ስልክ የሚያነሳው ሰው ፎቶ ያስልክ፣ ደም አለ ወይ፣ ዝንብ ወሮታል ወይ፣ ድመት ነክታዋለች ወይ ብሎ ይጠይቅ። ድመት ከነከሰችው ቁስል ባይታይም ቶሎ ይምጣ፣ አፏ ውስጥ ያለው ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ትንሽ ወፍን ቶሎ ይገድላል። እስኪመጣ ድረስ ውሃም ወተትም በአፉ አታንቆርቁሩ በሏቸው፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

እንስሳ ወደ ማዕከሉ እንዳይመጣ ማድረግ ራሱ ትልቅ ስራ መሆኑን ለቦርዳችሁ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በሰኔ 2000 ትሬዠር የምትባል መርከብ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ፣ የፔንግዊን መራቢያ በሆኑት በሮበንና በዳሰን ደሴቶች መሃል ሰመጠች፣ ዘይቷ ባህሩ ላይ ፈሰሰ። ከ1968 ጀምሮ የባህር ወፍ የሚያክመው ሳንኮብ የሚባለው ድርጅት ከአጋሮቹና ከብዙ ሺህ በጎ ፈቃደኞች ጋር 19,000 የሚሆኑ በዘይት የተነከሩ ፔንግዊኖችን ተቀበለ። ግን እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላኛው ውሳኔ ነው፣ ገና ያልተነከሩትን 19,500 የሚሆኑትን ከደሴቶቹ አንስተው በመኪና ወደ ፖርት ኤልዛቤት ወስደው እዛ ባህር ውስጥ ለቀቋቸው። ፔንግዊኖቹ ወደ ቤታቸው በዋና እስኪመለሱ በመሃል ዘይቱ ይጠረጋል ማለት ነው፣ እንደዛም ሆነ። ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው የማጠቢያ ገንዳውን በእጥፍ ከመጨናነቅ አዳነው።

ሳጥኑ ሲገባ

አንድ ካርቶን በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው ከፍቶ ማየት ይፈልጋል። አይከፈትም። መጀመሪያ ያመጣው ሰው ሳይሄድ ስሙ፣ ስልኩና እንስሳውን ያገኘበት ትክክለኛ ቦታ ይፃፋል፣ "መንገድ ዳር" አይበቃም፣ የትኛው መንገድ፣ ምን አጠገብ፣ ምክንያቱም ሲድን የሚመለሰው እዛው ነው። ከዛ ካርቶኑ እንደተዘጋ ጨለማና ሞቅ ያለ፣ ድምፅ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ደም የሚፈሰው ወይ መተንፈስ ያቃተው ካልሆነ በቀር ትንሽ ይረፍ፣ ከዛ ሐኪሙ ጓንቱን አድርጎ፣ ሚዛኑን፣ ፎጣውንና መድኃኒቱን አዘጋጅቶ አንዴ ይከፍተዋል፣ የሚሰራውን ሁሉ በዛች አንድ መያዝ ይጨርሳል። መጀመሪያ ማሞቅ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ምግብ መጨረሻ ነው። ብዙ ቀን የተራበ እንስሳ እንደመጣ ጠግቦ ከበላ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ተዛብቶ ሊሞት ይችላል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ፀጥታው ለቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ሚዳቋ፣ አጋዘንና እግረ ረጅም ወፎች ሲያዙ ከፍርሃትና ከመታገል ብዛት ጡንቻቸው ይበላሻል፣ የተበላሸው ጡንቻ ኩላሊትና ልብ ይጎዳል፣ እንስሳው ዛሬ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ይሞታል። ስለዚህ ዝምታውን የሚያስከብረው መሪው ነው። ዶነርም ቢሆን፣ የቦርድ ሰብሳቢም ልጆቿን ይዛ ብትመጣ፣ ህክምና ክፍል አይገባም። አንዴ ለአንዱ ከፈቀዳችሁ ሰራተኛው ሁለተኛ አያምናችሁም።

የማይድነው

ስለዚህ ማውራት ማንም አይፈልግም፣ ግን ማዕከሎች የሚጣሉበትና ጥሩ ሰዎች ስራ የሚለቁበት ጉዳይ ነው። ከሚመጡት ውስጥ ትልቅ ድርሻ አይተርፍም። ተስፋ የሌለውን በመርፌ ማሳረፍ መቼ እንደሆነ መስፈርቱ ተፅፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ለምሳሌ መገጣጠሚያው ላይ ክንፉ የተሰባበረ ጭልፊት፣ አከርካሪው የተቆረጠ አጥቢ። ውሳኔውን ሐኪሙና አንድ ሌላ ኃላፊ አብረው ይወስኑ፣ ጡጦ ሲያጠባ የከረመው ሰው ይማከር ግን ፈራሚ አይሁን፣ በሱ ላይ መጫን ጭካኔ ነው።

ሬሳውም የናንተ ኃላፊነት ነው። ብዙ ቦታ የሚጠቀሙበት ፔንቶባርቢታል እንስሳው ከሞተም በኋላ ሬሳው ውስጥ ይቆያል፣ ጥንብ አንሳ ወይ ቀበሮ ከበላው እሱም ይሞታል፣ ስለዚህ ይቃጠላል ወይ በጥልቀት ይቀበራል። በነፃ የሚመጣ ስጋም እንደዚሁ ይጠየቅበታል። ዳይክሎፌናክ የተወጋ ከብት በልተው የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች እንዴት እንዳለቁ የታወቀ ነው፣ ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት ህክምና ከልክለዋል። በእርሳስ ጥይት የተገደለ እንስሳ ስጋም መርዝ ነው። ደግሞ ስጋ ብቻ ያለ አጥንት የሚበላ ግልገል ካልሲየም ስለሚያጥረው አጥንቱ ይሰባበራል። "ስጋ አለን፣ እንላክላችሁ?" ሲባል ከማመስገን በፊት ከብቱ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጠይቁ፣ መልስ ከሌለ ይቅር።

ወደ ዱር መመለስ የማይችል ግን በህይወት መኖር የሚችል እንስሳ ሲኖር ደግሞ ሂሳብ ስሩ። ግራጫው በቀቀን ከ40 አመት በላይ፣ ቺምፓንዚ ከ50 በላይ፣ አንዳንድ ኤሊ ከ100 በላይ ሊኖር ይችላል። "ለማስተማሪያ እናስቀረው" ስትሉ ከናንተ በኋላ የሚመጣ ዳይሬክተር ላይ እዳ እየፃፋችሁ ነው፣ ስለዚህ የእድሜ ልኩ ወጪ ተሰልቶ ቦርዱ ድምፅ ይስጥበት።

ሰዎቹ

እዚህ ላይ ድርድር የሌለበት ነገር ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የሌሊት ወፍ፣ ቀበሮ ወይ ሌላ ስጋ በል የሚነካ ሰው ቀድሞ ይከተብ፣ ያልተከተበ አይንካ። ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ክትባት ወስጃለሁ ብሎ አይቅር። የወፍ ጉንፋን ባለበት ወቅት ደግሞ ለውሃ ወፎች የተለየ ክፍል፣ የተለየ ጫማ፣ ማስክና ጓንት።

አዲስ በጎ ፈቃደኛ ከእቃ ማጠብና ከቤት ማፅዳት ይጀምር። የሚከፋው ይከፋዋል፣ ግልገል ለማቀፍ ብቻ የመጣውን ቀድሞ ይለየዋል፣ የቀረው ወርቅ ነው።

ኬንያ ውስጥ ዳፍኒ ሼልድሪክ እናት አልባ ዝሆኖችን በማሳደግ የምትታወቅ ሴት ነበረች፣ ያቋቋመችው ድርጅት ከ1977 ጀምሮ አለ። አይሻ የምትባለውን ግልገል ብቻዋን አሳድጋት፣ ለልጇ ሰርግ ትታት ስትሄድ ግልገሏ መብላት አቁማ ሞተች። ከዛ በኋላ ጠባቂዎቹ እየተፈራረቁ ነው አብረዋቸው የሚያድሩት፣ ግልገሉ ከአንድ ሰው ጋር እንዳይጣበቅ። ለድርጅትም ይሄው ነው የሚሰራው። አንድ መስራች ብቻ ስልክ የሚይዝበት፣ አንድ ሐኪም ብቻ አመቱን ሙሉ ሌሊት የሚጠራበት ቦታ ሰውየው የታመመ ቀን ይቆማል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። እረፍት ግዴታ ይሁን፣ "እኔ ካልመጣሁ ይሞታሉ" የሚለውን ሰራተኛ አታድንቁት፣ ወደ ቤቱ ላኩት። በየቀኑ ሞት የሚያይ ሰው መጨረሻ ላይ ወይ ስሜቱ ይደነዝዛል ወይ ያለቅሳል፣ ሁለቱም ሳይመጣ ፈረቃ ቀይሩለት።

ገንዘቡ

ሰው ፊት ላለው ነገር ይሰጣል፣ ለትንሿ ጉጉት ይዋጣል፣ ለፍሳሽ ማስወገጃ ማንም አያዋጣም። ለጉጉቷ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ለቱቦ አይውልም፣ ዶነሩ ያሰረው ገንዘብ እንደታሰረ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትፅፉ የአንድ እንስሳ ወጪ ውስጥ ደሞዙን፣ መብራቱን፣ የቆሻሻ ማስወገጃውን ሁሉ ክተቱ፣ ምግብና መድኃኒት ብቻ ብላችሁ ርካሽ አትምሰሉ። ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር የሚያቆይ መጠባበቂያ ይኑር፣ ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። መሬቱ የመስራቹ ከሆነ የኪራይ ውል ይፃፍ፣ ባልና ሚስት ቦርዱ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ደሞዝ አይወስኑ። ሪፖርት ላይ የተለቀቁትን ብቻ አትቁጠሩ፣ የሞቱትን፣ በመርፌ ያረፉትንና ወደ ሌላ የተላኩትንም ፃፉ፣ ቁም ነገረኛ ዶነር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ፎቶ ላይ ጠንከር በሉ። ዝንጀሮ አቅፎ ሴልፊ ላይክ ያመጣል፣ ያየው ሰው ግን ለራሱ አንድ ይመኛል፣ ገበያውንም የሚያሞቀው ይሄ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት (አይ ዩ ሲ ኤን) በ2021 ስለዚሁ ጉዳይ በተለይ ለጦጣና ዝንጀሮ ወገኖች መመሪያ አውጥቷል። ኤክስሬይ፣ የሚሰራ አጥር፣ ከበስተኋላ የተቀረፀ መልቀቅ ፖስት አድርጉ፣ እሱም ያምራል።

መልቀቅ ላይ የጊዜ ግፊት አትቀበሉ፣ ካሜራ ስለመጣ አይለቀቅም። ራሱን ችሎ ምግብ ያገኛል ወይ፣ ሰው ይፈራል ወይ፣ ክብደቱ ሞልቷል ወይ፣ ወቅቱና ቦታው ይመቻል ወይ፣ አራቱም አዎ ካልሆኑ ይቆይ።

በመጨረሻ እናንተ ነገ ብትጠፉ ሌላ ሰው የሚከፍተው አንድ ፋይል አዘጋጁ። የፈቃዱ ማብቂያ ቀን፣ የአደገኛ መድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ ማን ጋር እንዳለ፣ የባንክ ፈራሚዎች፣ የፌስቡክ ፓስወርድ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩንና ማሞቂያውን የሚያስነሳው ጄኔሬተር እንዴት እንደሚበራ፣ እሳት ወይ ጎርፍ ቢመጣ መጀመሪያ የሚወጡት የትኞቹ እንስሳት እንደሆኑና በምን ሳጥን። በየ6 ወሩ ምክትላችሁ ያለናንተ እርዳታ ያንብበውና ያልገባውን ይፃፍ፣ እሱን አስተካክሉ።