ሻምፑን በቃሲልና በተልባ እንዴት ተካሁት

ራሴን በታጠብኩ ማግስት ማሳከክ ይጀምረኛል። ሻምፑ ብቀያይርም ያው ነው። ሹሩባ ከተሠራሁማ ጣት ማስገቢያ ስለሌለ በመዳፌ ጠፍ ጠፍ ሳደርግ እውላለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ነገር ያሳፍራል። ስልክ ላይ አይቼ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ ታጠብኩ፣ ከዚያ በሎሚ አለቀለቅኩት። ፀጉሬ ገለባ ሆነ። የራስ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ነው። የሶዳ ውሃ ከ8 ያልፋል፣ ንጹህ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። ምስኪን ቆዳዬን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ወረወርኩት ማለት ነው። ይባስ ብዬ ሎሚው በደንብ ሳይለቅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ቆዳ ላይ የቀረ ሎሚ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። ግንባሬ ላይ የወጣው ጥቁር ምልክት ለሳምንታት አብሮኝ ከረመ።

ከዚህ ጣጣ ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የግቢ በር እንጋራለን። ግንባሬን አይታ «አንቺ፣ ቃሲል እያለ ምን ሶዳ ያስነካሻል?» አለችኝ። ቃሲል የቁርቁራ ቅጠል ነው፣ ደርቆ የተፈጨ። ውስጡ ሳፖኒን አለ፤ እሱ ነው ትንሽ አረፋ የሚያወጣውና ቅባቱን የሚያላቅቀው። ለእሷ ከድሬ በሰው ይላክላታል፣ እኔም ከዚያው እቋደሳለሁ።

አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ትወስዳላችሁ። መጀመሪያ በሻይ ማጥለያ ንፉት። ይህን አደራ! እኔ ሳልነፋ ተጠቅሜ በማግስቱ ሥራ ቦታ ትከሻዬ ላይ አረንጓዴ ፎረፎር ሲረግፍ ዋለ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጡት። ፀጉራችሁን አርጥባችሁ ሥር ሥሩን በጣት ጫፍ እሹት፤ በጥፍር አይደለም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዓይን ውስጥ ከገባ ይቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ተጋድማችሁ ታጠቡ። ማለቅለቁ ላይ ግን አትሰስቱ። እኔ አንድ ባልዲ ሙሉ እጨርሳለሁ፤ በክረምት ደግሞ ከቆርቆሮው የወረደ የዝናብ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዶፍ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ነው የምደቅነው።

ተልባው የሚመጣው ከእጥበት በኋላ ነው። ብቻውን ብዙም አያጸዳም፤ ፀጉሩን አለስልሶ ለማበጠሪያ ያመቻቻል። ከሐሙስ ገበያ የገዛሁትን ሳልፈጨው ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሁለት ኩባያ ውሃ እጥዳለሁ። እያማሰልኩ ሰባት፣ ስምንት ደቂቃ። የእንቁላል ነጭ ሲመስል አወርድና ትኩሱን በአሮጌ ነጠላ አጠለዋለሁ። ከቀዘቀዘ ጨርቁን አላልፍ ብሎ ያታግላችኋል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ግማሹን ብቻ ሠርታችሁ በዚያው ቀን ጨርሱት።

እሬትም አለ። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው የሚያሳክከው፤ ሩብ ሰዓት ያህል አቁማችሁ አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ውስጡን ብቻ ተጠቀሙ። የትኛውንም ቢሆን ቀድማችሁ ክንዳችሁ ላይ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

እንዶድስ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንዶድ ለልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚያም በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ቢልሃርዝያ መከላከያ ሆኖ ተጠና። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር እኔ ራሴ ላይ አላደርግም።

ለጋ ቅቤ ከተቀባችሁ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቃሲሉ በአንድ ዙር አያወጣውም። ሁለቴ ትታጠባላችሁ። ያኔም ካልለቀቀ እኔ አንድ ማንኪያ ሻምፑ በአንድ ኩባያ ውሃ አቅጥኜ ሥር ሥሩን ብቻ አስነካዋለሁ። ማንም አይቀጣኝም።

ክብ እየሠራ የሚላላጥ ወይም ፀጉር የሚያረግፍ ነገር ካያችሁ፣ በተለይ ልጅ ላይ፣ ጭርት ሊሆን ይችላልና በቅጠል አትታገሉት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላው የማድረቁ ነገር ነው። ጅማ እርጥብ አገር ነው፤ ማታ የታጠብኩት ፀጉር ጠዋትም እርጥብ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንዲህ እያለ ከተጎነጎነ ይሸታል፣ ማሳከኩም ይመለሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ከቁርስ በፊት እታጠባለሁ፤ ሹሩባ ሠሪዋ ከሰዓት ነው የምትመጣው።